ግማሽ ወደፊት፣ ሩብ ወደ ኋላ

ባሕሩ ሲሸሽ ጀልባችን በጎኗ ተኛች፣
ዶሚቲላ፣ በእናቴ ስም የተጠራች።
ኬምቺ ዛሬም ዝናብ ነው፤
ጭቃው ጨው ጨው ይሸታል፣
የዛጎል ስባሪ ቦቲዬን ይነክሳል።

ስድስት ሰዓት አለኝ።
ውኃ የሄደበትን መንገድ አይረሳም፤
ሞተሩን ሆዱ እንደተከፈተ ካገኘው
ይቅርታ አያውቅም።

አባቴ የዓሣ ሣጥን ገልብጦ ተቀምጧል፣
እጆቹን ብብቱ ሥር ሸጉጦ።
«ጨው ነው» ይላል። «ጥርሱን ጨው በላው።
ዕድሜም ነው። ጨውና ዕድሜ።»
ባትሪዬን በጥርሴ ነክሼ ዝም እላለሁ፣
ጉድጓዱ ውስጥ አቀርቅሬ።

ጨው እንዲህ አይበላም።
ጨው የበላው ነጭ ዱቄት ይተዋል፣
ጠርዙን ይልሳል፣ ቀስ ይላል።
ይሄ ግን ተነቅሎ የወጣ ነው፤
ክሩ እንደተተረተረ ሹራብ
ብሎኑ ላይ ተጠምጥሞ የመጣ ነው።

ያን ማታ አውቀዋለሁ።
አሪስቲዴስ ሻንጣውን አንጠልጥሎ
ወደ ሳልሞን ኩባንያ የሄደ ማታ፣
ከባሕሩ ዳር «ቻው» ሲል አባቴ ቀና አላለም፤
ቁልፉ ጫፍ ላይ አንድ ሜትር ቱቦ ሰክቶ
ቴስታታውን ያጠብቅ ነበር።
አንድ ዙር። ደግሞ አንድ ዙር።
ከዚያ ቁልፉ ድንገት ቀለለው፤
ብሎኑ ዞረ፣ ዞረ፣
እህል እንዳለቀበት ወፍጮ።
ማጥበቅ ልኩን ሲያልፍ መላላት እንደሚሆን
እሱ በእጁ አወቀ፣ እኔ በመስኮት አየሁ፤
ሁለታችንም እስከ ዛሬ አላነሣነውም።

ስለዚህ ጨው ነው። ይሁን፣ ጨው ይሁን።

ሲሊንደሮቹን በጨርቅ ደፈንኩ።
የትራፓኖውን ጫፍ ግሪስ ቀባሁት፣
ፍቅፋቂው እዚያው እንዲጣበቅ፣ ወደ ውስጥ እንዳይወርድ።
ከዚያ ክፉውን ሥራ ሠራሁ፦
የቆሰለውን ጉድጓድ የባሰ አሰፋሁት።

አባቴ ተነሣ። «ያለውንም ልትጨርሺው ነው?»
«የቀረው የማይነክስ ጥርስ ነው» አልኩ።
«ጤነኛ ብረት እስካገኝ መሄድ አለብኝ።»
ትራፓኖው ጮኸ፤
አሉሚኒየሙ እየተጠቀለለ፣ እያብለጨለጨ
እንደ ዓሣ ቅርፊት እግራችን ሥር ረገፈ።

ማስኪዮውን ቀጥ አድርጌ ተከልኩ፣ እንደ ሻማ፣
አዲስ ጥርስ እንዲያበቅል።
ግማሽ ወደፊት፣ ሩብ ወደ ኋላ።
ግማሽ ወደፊት፣ ሩብ ወደ ኋላ።
ወደ ኋላ ካልተመለሱ ፍቅፋቂው ይታነቃል፣
ማስኪዮው ከነአንገቱ ውስጥ ይሰበራል፤
ከዚያ ወዲያ ቄስ ቢደግምበት አይወጣም።

የአባቴ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየሁ፤
አብሮኝ ይቆጥር ነበር። ግማሽ። ሩብ።
እሱ፣ ዕድሜውን ወደፊት ብቻ ያዞረው።

ያቺ ሞላ ከትንሿ ጣቴ ጥፍር አትበልጥም፤
ዶን ኤሌውቴሪዮ ከፑዌርቶ ሞንት
በጋዜጣ ጠቅልሎ በአውቶቡስ ልኳት ነበር።
ጥርሱን ይዛ እየተሽከረከረች ገባች፣
ከአፉ ትንሽ ዝቅ እስክትል።
ምላሷን በሚስማር ጫፍ መትቼ ሰበርኩ፤
ድምፁ ቀጭን ነው፣ እንደ ዓሣ አጥንት።
ከመጀመሪያው ይበረታል ይላሉ።
እኔ እንጃ። ገና አልተፈተነም።

ውኃው መጥቶ መሪዋን ላሰ።

«ና፣ ይሄን አንተ አጥብቀው» አልኩት፤
ልኩ ሲሞላ ቀጭ የሚለውን ቁልፍ ሰጠሁት።
ዓይኑ ቱቦውን ፈለገ፤ ደብቄዋለሁ።
ገፋ። ገፋ። ቀጭ።
እጁ ግን አልቆመም፤
የአንገቱ ሥር ተገትሮ፣ ትከሻው ሊጨምር ሲል
እጄን እጁ ላይ ጣልኩ።
ቀዝቃዛ ነበር፤ ናፍጣ ናፍጣ ይሸት ነበር።
ቆመ።

ማዶ፣ ዝናቡ ውስጥ፣
የሳልሞን ገንዳዎቹ መብራት አንድ በአንድ በራ።
«ዓርብ ዕረፍት አላቸው ይባላል» አለ፤
እነማን እንደሆኑ አልተናገረም።

ዶሚቲላ ቀስ ብላ ከጎኗ ተነሣች።
ብሎኑ ይጠብቃል።
አባቴም ይጠብቃል።