አሥራ ሦስተኛ በር

ማክሰኞ ጧት ባዘዘው መጣ፣ ቤቱን እየነዳ፣
በሯ በገመድ ተጠፍሮ፣ እንደ ገበያ ፍሪዳ።
አዘዞ መንገድ ዳር ነው ብየዳ ቤቴ፤
መነጽሬን አላጠለቅሁም፣ ሻዬም አልቀዘቀዘ ከፊቴ።

ቤት መኪና ናት። ፈረንጅ በመተማ ገብቶባት፣ ሞተሯ ቢነክስ ትቷት፣
እሱ ከጉምሩክ ጨረታ ተሻምቶ ገዝቷት፤
አልጋ አላት፣ ምድጃ አላት፣ መጋረጃዋ ባለ አበባ፤
በሯ ግን አንድ ነው፣ የሚያስወጣም የሚያስገባ።
ወደ ጋቢና በሚያሳልፈው ላይ ዓምና ላሜራ መታሁበት፤
«ለሌባ ነው» ብሎኝ፣ እኔም ለገንዘቤ በየድኩለት።

«ምን አገኘው?» አልኩ። «አይሱዙ፣ እዚያ ማራኪ መታጠፊያ፣
ገጭቶኝ፣ ታርጋውን ሳላይ ሸመጠጠ ወደ ገበያ።
አቃናልኝ፤ ቁልፉን አጥብቀው፤ ቀለሙን አታስወድድ።»
ተለማማጄ ደርብ ተንበርክኮ ይታገል ጀመር ከገመድ።

ገመዱ ሲፈታ፣ ከውስጥ ሚስቱ ወረደች፤
ይታክቱ። ቀኝ እግሯን ጎተት አድርጋ፣ ጎማ ላይ ተቀመጠች።
«ደረጃው አዳልጧት ነው» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው፤
ሲጋራውን በማጣሪያው በኩል ለኮሰና ጣለው።

ሰው ሲጨንቀው ይዋሻል፤ ላሜራ መች ያውቅበታል?
በመዳፍህ ሂድበት፣ በየት እንደተመታ ይነግርሃል።
ዐይኔን ጨፍኜ ዳሰስኩት፣ ከማጠፊያው እስከ ቁልፉ፤
ጉብታው ወደ እኔ ነው፤ ወደ ደጅ ነው እጥፉ።
አይሱዙ የነካው ይጎደጉዳል፤ ይሄ ያበጠ፣
በተረከዝ ልክ፣ አንዴ አይደል፣ ስድስት ሰባቴ የተረገጠ።

ከውስጥ።

የውስጡ እጀታ ተነቅሏል፣ ቀዳዳው በብሎን ተደፍኗል፤
ዙሪያው ሁሉ የማንኪያ ጭረት፤ ቀለሙ በጥፍር ተፍቋል።
«ጋሼ፣ ይሄ እኮ—» ሊል ደርብ፣ በመዶሻ እጀታ ጎሸም አረግሁት።
የዓምናውን ብየዳዬን በጎን አየሁት።

«ለውስጥ እጀታ አያስፈልግም» ብሎ ባዘዘው ሄደ፤
ጫት ተራ ወዳሉት ጓደኞቹ መንገዱን አቋርጦ ወረደ።

ሽፋኑን ስገልጠው እንጨቱ በስብሷል፣ ዝናም ጠጥቶ፣
እንደ ረጠበ ዳቦ ወረደ፣ ጣቴ ላይ ተፈትቶ።
በዋንዛ ተካሁት፤ ላሜራውን አሸዋ ላይ ዘርግቼ፣
በጎማ መዶሻ አባበልኩት፣ ትንፋሼን ገትቼ።

«በየት በኩል ይከፈት?» አልኳት። መልሷ ሌላ ነበረ፤
«አባቴ ግንቡን ሲጠብቅ፣ ዘበኛ ሆኖ ነው የኖረ።
አሥራ ሁለቱን በሮች በቃሌ አስጠንቶኛል፣ ገና ፊደል ሳልቆጥር፤
እምቢልታ በር፣ ባልደራስ በር፣ ተዝካሮ በር፣ ቋሊ በር...»
ጣቷን እያጠፈች ደረሰች እስከ መጨረሻው።
«የሁሉም መቀርቀሪያ ከውስጥ ነው» አለች። ዝም አለ መዶሻው።

ከአሮጌ ላንድሮቨር የነቀልኩት እጀታ ነበረኝ፣ ናስ፤
በስድስት ብሎን አሰርኩት፣ በጥርስ ቢስቡት የማይላወስ።
የጋቢናውንም ላሜራ በግራይንደር ገመስኩት፤
ዓምና የበላሁትን ገንዘብ ከብልጭታው ጋር ተፋሁት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባዘዘው መጣ፣ ቁልፉን ሞከረ። ጠቅ።
ይታክቱ ውስጥ ነበረች። እኛ ውጭ፣ ዝም ብለን ስንጠባበቅ፣
እጀታው ዞረ።
በሩ ተከፈተ። አልወረደችም። ዘጋችው። ደግሞ ከፈተችው፤
እንደ ሕፃን፣ አራት አምስት ጊዜ፣ እስኪበቃት ሞከረችው።

እሱ አየኝ። እኔም አየሁት። «ስንት ነው?» አለ፣ ድምፁ ኮስሶ።
«አራት ሺህ። የእጀታው አይቆጠርም።» ሦስት ተኩል ሰጠኝ፣ ከአራቱ ቀንሶ።

ወደ ሳሙና በር ነው የሄዱት። የት እንዳደሩ አላውቅም።
ደርብ ገመዱን አነሳና «ጋሼ፣ ይጠቅመናል?» አለኝ።
«አይጠቅምም።»