ቀረ

«እንየው አዛነው።» «አቤት።»
«ፈንታነሽ ዋሴ።» «አቤት።»
«ደምለው ሲሳይ።»
ዝም።
ከኋላ ወንበር አንዱ፣ በመስኮት አዘዞን እያየ፣
«ቀረ፣ ቲቸር» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረ።

ከስሙ ጎን በቀይ እስክሪብቶ ጭረት አሰመርሁ።
ሦስተኛ ሳምንቱ ነው፤ መተማ መድረሱን ሰማሁ፤
ከዚያ ወዲያ ያለውን እናቱም አታውቅ፣ እኔም አላወቅሁ።

አማርኛ ግን ተንኮለኛ፣ ባንድ ቃል ሁለት ጉድ አዝሎ፣
ሄዶ ያልተመለሰውን «ቀረ» ይለዋል አቃልሎ፤
ከደጁ ንቅንቅ ያላለውንም «ቀረ» ይለዋል አስከትሎ።
ደምለው በመንገድ ቀረ፤ እኔ ከሰሌዳው ሥር ቀረሁ።
ጭረታችን በምን ይለያል? መዝገቡን ገልጬ ቆየሁ።

ማታ መብራት ሄዶ ነበር፤
(እሱስ ይሄዳል፣ እሱስ ይመለሳል)
በስልኬ ጭላንጭል የሞላልኝን መልእክት ደግሜ አነበብሁ፦
«ጀርመን ሰው ይፈልጋል። ቋንቋውን ተምረህ ና።
ሽማግሌ ታጥባለህ፣ ታጎርሳለህ፣ ጎን ታገላብጣለህ፤
የአንድ ወሩ ደመወዝ እዚያ ዓመት የምትለፋበት ነው።
እስከ ሐሙስ ቁርጡን ንገረኝ።»

ሞላልኝ ማራኪ ያሠራው ቤት ባለ ሁለት ፎቅ ነው።
ዘበኛው ብቻ ይኖርበታል፣ ግቢው ውስጥ ጎመን ዘርቶ።
«ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ» ይለኛል በየክረምቱ፤
እልክለታለሁ፣ ጎመኑን ቆርጬ።

ሒሳብ አስተማሪ አይደለሁ? ደብተር ገልብጬ አሰላሁ፦
ከደመወዝ ላይ ኪራይ ሲቀነስ፣ ዕቁብ ሲቀነስ፣
ውሃ በጠፋ ሳምንት የባጃጅና የጀሪካን ሲቀነስ፣
የባንቺአምላክ የስኳር መድኃኒት… እሱማ አይቀነስ!
ከዜሮ በታች ወረድሁ። ለልጆቹ «ኔጌቲቭ» የምለው
በእኔ ቤት ስም አለው፤ የጥጋቡ ሱቅ ዱቤ ነው።

አንድ ስሌት ግን እምቢ አለኝ።
አባቴ ሳሙና በር ተኝቷል፤ ግራ ጎኑ ከድቶታል፤
በየማታው የማጥበው፣ የማገላብጠው እኔ ነኝ።
የማላውቀውን አባት በደመወዝ ሳጥብ፣
የማውቀውን ማን ያጥባል?
«ሰው እንቀጥራለን» አለች ባንቺአምላክ፣ ሽንኩርት እየላጠች።
የምንቀጥረውስ ልጅ የራሱን አባት ለማን ይተዋል?
ቢላዋዋን አስቀመጠች።
መልስ አልነበራትም፤ ወይም አልሰጠችኝም።

አባቴ ግንበኛ ነበር። የግንቡን ስንጥቅ በኖራ የደፈነ እጅ
ዛሬ ኩባያ አይዝም።
ላማክረው አፌን ሳሟሽ ቀደመኝ፦
«ነገሥታቱ ድንኳን መንቀል፣ ድንኳን መትከል ሲሰለቻቸው
ነው ጎንደር ግንቡ የቆመው።»
«ቅር» ማለቱ ነው ብዬ ልቤን ላሳርፍ ስል፣
ጥቂት ቆይቶ፣ በተጣመመ አፉ፣
«እኔስ በዚያ በክፉ ቀን ከበለሳ በእግሬ መጥቼ አይደል?
ያኔ ብቀር ኖሮ፣ ቀርቼ ነበር» አለኝ።
ውሃው እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

ረቡዕ ጠዋት ወሬው ከእኔ ቀድሞ ክፍል ገብቷል።
ስም ጠርቼ ስጨርስ ፈንታነሽ እጇን አወጣች፦
«ቲቸር፣ እርስዎስ ይቀራሉ?»
ክፍሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።
የትኛውን መቅረት እንደጠየቀችኝ አሁንም አላውቅም።

ቀዩን እስክሪብቶ ከደንሁት።
ከመሳቢያ እርሳስ ፈልጌ ጫፉን በምላጭ አሾልሁ።
የደምለውን ጭረት ላጲስ አይነካውም፣ ቀለም ነውና፤
ከሁሉም ሥር ግን፣ ከስልሳ ሦስተኛው ስም ቀጥሎ፣
የራሴን ስም ጻፍሁ፣ አቅጥኜ፣ በእርሳስ፤
ጎኑን ባዶ ተውሁት፣ እስከ ሐሙስ።