ላጲስ

ፒያሳ፣ ከጎሚስታው በላይ፣ መስኮቱ በማይዘጋ ቤት፣
ጋሽ በየን መንገድ ያሰምራል፣ ለሃያ አንድ ቀን ብስክሌት፤
ለቀጭኑ ሰው ዳገት፣ ለባለ ጭኑ ሜዳ፣
ከሰዓት ጋር ብቻውን ለሚታገል፣ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ባዳ።

«ሚዛን» ይላል። ሲደምረው ግን ዳገቱ ሁሌ ይበዛል፤
እጁ የጥንት እግሩን አምኖ ሳያውቀው ሽቅብ ይጓዛል።

ዛሬ በመስኮት ቸርችልን ቁልቁል እያየ ሳለ፣
አንድ ልጅ፣ ጀሪካን በጫነ ብስክሌት፣ ሽቅብ ታገለ።

ደምሰው ትዝ አለው፤
ውሃ አመላላሹ፣ ለሱ ሲል ወርዶ የሚወጣው፣
በአሥራ ስድስተኛው ቀን፣ በሦስተኛው ተራራ፣
ሰዓት ከውድድር ያስወጣው።

ተራራውን በላጲስ አሸው፣ አሸው፣ ወረቀቱን በሳው።
«ይሁን» አለ።
«በቀዳዳው ይለፍ ደምሰው።»