የሐሙስ ማኅተም

ደብዳቤው ባደራ ዓርብ ጠዋት መጣ፤
ፈርሜ ተቀበልሁ፣ እጄ ላብ አወጣ።
አምስት ዓመት ከምናምን የጠረጴዛ ልብስ ሳጥፍ ኖሬ፣
የታጠፈ ወረቀት ደረሰኝ ዛሬ።
ከላይ «ክብርት» ይላል፣ ከታች ማኅተም አለ፤
መሃሉ ላይ ሥራዬ በሁለት መስመር ቀለለ።

ዐሥራ ስምንት ሳምንት፦ ይኸው ነው የቀረኝ።
ግን ከየትኛው ቀን? ማነው የሚነግረኝ?

ፊርሚንን ጠራሁት፣ ጎረቤቴን፣ ከላይኛው ፎቅ፤
ድሮ በኮርትሬይክ ተልባው ሲንጫጫ ለሠራተኛ የተሟገተ፣ ሕግ የሚያውቅ።
አንዷን ጣቱን ማሽን በልቶበታል፤
በቀሩት ዘጠኙ አሁንም ይቆጥራል።
«ዘጠኝ ጊዜ ሁለት፣ ይኸውልሽ፣ ዐሥራ ስምንት ሞላ፤
እጄ ላንቺ ጉዳይ የተሠራ ይመስላል» ብሎ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፣ ኋላ።

ከዚያ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ፣
ፖስታውን ገልብጦ ወደ መስኮት ሄደ።

«ጎደሊቭ፣ ስሚኝ፤ እጅሽ ቢገባም አልደረሰም ገና፤
ሕግ ዘንድ የሚደርሰው በሦስተኛው የሥራ ቀን ነውና።
ረቡዕ ተልኮ ቢሆን፣ ቅዳሜ ደርሶ፣
ቆጠራው ሰኞ ይጀምር ነበር፣ እሑድን ተንተርሶ።
ማኅተሙ ግን ሐሙስ ነው። ዓርብን፣ ቅዳሜን፣ ሰኞን ቁጠሪ፤
የሚቀጥለው ሰኞ ነው መነሻሽ፤ እስከዚያው ኑሪ።»

«ብታመምስ?» አልሁት። «ቀኑ ይቆምልሻል።»
«ዕረፍትስ ብወጣ?» «እሱም አይቆጠርም፤ ይጠብቅሻል።»
ጉድ ነው! ጉንፋን እንኳ ደመወዝ ሊሆነኝ፣
ማስነጠስ አማረኝ።

በቀን መቁጠሪያው ላይ፣ የመድኃኒት ቤት ስጦታ፣
የመጨረሻዬን ዓርብ በእርሳስ ከበባት፣ በዝግታ።

ረቡዕ ትዝ ያለኝ እሱ ከወጣ በኋላ ነው።
ያካፋ ነበር። ከሥራ ስመለስ፣ ፖስታ ቤቱ በር ላይ፣
የአለቃዬን መኪና ቆሞ ሳይ፣
ሞተሩ አልጠፋም፤ መሪው ላይ ነጭ ፖስታ፤
«ደኅና አመሸህ፣ ዋውተር?» አልሁት፣ መስኮቱን አንኳኩቼ፣ የልማዴን ሰላምታ።
ቀና ብሎ አየኝ። ፊቱ ቀላ። እጁን አነሣ።
የፖስታ ቤቱ መዝጊያ ወረደ፣ እሱ ከወንበሩ ሳይነሣ።

ፈርቶ ይሁን፣ አፍሮ፣ ወይስ አዝኖልኝ፣ አላውቅም።
ለፊርሚን አልነገርሁት፤ ለዚህስ ዘጠኝ ጣት አይበቃም።
ብቻ አንዲት ሰላምታ፣ በካፊያ መሃል የተሰጠች፣
አንድ ሳምንት ከነደመወዙ አወጣች።

ሰኞ ስገባ እንግዲህ፣
ደኅና አደርህ ልበለው፣ ወይስ እግዜር ይስጥህ?