ሰማንያ ሦስት

ለኮምፒውተሬ የሰው ወንበር ከፍዬ፣
በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣
ሐረጎን ስንወርድ፣ በዚያ ጠመዝማዛ፣
ረዳቱ ሳቀብኝ፦ «ለሳጥን ነው እንዴ ወንበር የምትገዛ?
ታማሚ ነው?» አለኝ። «ጤነኛ ነው» አልኩት፤
ኮምቦልቻ ደርሰን ጃኬቴን አወለቅኩት።

ደሴ ላይ፣ ሙጋድ፣ ከክፍሌ፣ መስኮቷ ወደ ጦሳ፣
አርባ ሠርግ ያቀናበረ፣ ለጉልበቱ ሳይሳሳ፣
የእኔ ጣት ሲደነዝዝ የእሱ የማይደነዝዝ፣
ሳዘው የሚታዘዝ።
የቤት ኪራይ ነው ያወረደኝ፤ ሌላ ሰበብ የለኝም፤
አየሩ ይስማማው ይሆን ብዬም አላሰብኩም።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ለእሑድ ሌሊት፣
የእነ ዘሀራን ሠርግ ሳጣድፍ ለጠዋት፣
ሙሽሪት ኬኩን ልትቆርስ ቢላዋ እንዳነሳች፣
ቢላዋው አየር ላይ ቀረ፤ እሷም እንደሳቀች ደረቀች።
ማራገቢያው ጮኸ፣ ሊነሳ እንደሚል አውሮፕላን፤
ሠላሳ አንድ በመቶ ላይ ቆመን፣
ሙሽራው፣ ሚዜው፣ እኔ፣ ጠበቅን፣ ጠበቅን።
ስክሪኑ ጠቆረ።
«ሰነፍ!» አልኩት። ጎኑን በጥፊ አጮልኩት።
(እውነቴን ነው። መታሁት።)

ጦይባ ትባላለች፤ ከጨርቃ ጨርቁ በር ማዶ፣
ሱቋ ጠባብ፣ ካውያዋ ሁልጊዜ ነዶ።
ክዳኑን ፈታችው በብሎን መፍቻ ጫፍ፤
አቧራው ተገሽልጦ ወጣ፣ ልክ እንደ ሱፍ ንጣፍ።
ከፕሮሰሰሩ አናት ላይ ቅባቱ ደርቋል፣
ክረምት እንዳለፈበት ጭቃ ተሰነጣጥቋል።
«ጎኑ ላይ ያለውስ?» አለች፣ «የማን መዳፍ ነው?»
ዝም አልኩ። እሷም አወቀችው።

«ያ እንድሪስ፣ ስማኝ» አለች፣ ቅባቱን እየፋቀች፣
«ይሄ ማሽን አልሰነፈም» ብላ ቀና አለች።
«ሥራ ሲፈታ አርባ ቢሆን፣ ግድ የለህም፣ ተኛ፤
ሲሠራ ስልሳ፣ ሰባ፣ ሰባ አምስትም ጤነኛ።
ሰማንያ አምስትን ካለፈ ጆሮህን ጣል አርግበት፤
ዘጠና ላይ ከሰነበተ፣ ተነሥ፣ የሆነ ነገር አለበት።
መቶ አጠገብ ሲደርስ ራሱ እርምጃውን ይቀንሳል፤
አልሰማ ካልከው ደግሞ ሳያስፈቅድህ ዐይኑን ይጨፍናል።
ግራፊክስ ካርዱ ሌላ ነው፤ የራሱ ዐመል አለው፤
ያንተው ሰማንያ ሦስት ላይ ነው ቆም ብሎ የሚተነፍሰው።
ሁሉም እንደ ስሪቱ ነው፤ ወረቀቱን አንብብ።

ደሴ ክፍልህ አሥራ አምስት ነበር፤ እዚህ ሠላሳ፤
ፋን ንፋስ ያመላልሳል እንጂ ብርድ አይወልድም፣ አትርሳ።
ያዘገመው እንዳይቃጠል ነው።
አንተ ደግሞ በጥፊ!»

ከዚያ ዝም አለች። የአተር ፍሬ የምታህል
አዲስ ቅባት ጠብ አደረገች ከፕሮሰሰሩ መሐል።
«አባቴ» አለች ቆይታ፣ «እዚሁ ፋብሪካ ነበር፣
ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቦይለር ሲጠብቅ የሚያድር።
መርፌዋ ቀዩን ስትነካ ከእንቅልፉ ባንኖ ነቅቶ፣
እንፋሎቱን ያስተነፍሳል ቫልቩን ከፍቶ።
ለብረቱ ቀይ መሥመር ነበረው።
ለእሱ ማን ያስምርለት?
አንድ ጠዋት፣ ከሌሊት ሽፍት ሲመለስ፣ የቦርከና ድልድይ ላይ
ትንሽ ልረፍ ብሎ ተቀመጠ…»
አልጨረሰችውም።
ብሎኑን መለሰች፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤
«ሁለት መቶ ብር» አለች፤ ሦስት መቶ ሰጠኋት፤
መቶዋን መለሰችልኝ።

አሁን ሌሊት ነው። ከስክሪኑ ጥግ ቁጥሩን አያለሁ፦
ሰባ አንድ። ሰባ አራት። በቁጥር እተነፍሳለሁ።
ቢላዋው ወረደ፤ ኬኩ ተቆረሰ፤
ሙሽሪት አጎረሰች፤ ክሬም ክራባቱ ላይ ፈሰሰ።
ሰባ ዘጠኝ።
ሰማንያ ሁለት።
ሸሚዜ ከጀርባዬ ተጣብቋል፤ ከነጋ ምን ቀመስኩ?
ሰማንያ ሦስት።
ሥራውን አቆምኩት፤ መስኮቱን በረገድኩ፤
ወንበሬን ይዤ ደጅ ወጣሁ፣ ከበሩ ሥር ተቀመጥኩ፣
ቦርከና ከላይ፣ ከደሴ፣ ሲወርድ እያዳመጥኩ፣
ቁጥሩ እስኪወርድ።
የሁለታችንም።