የአሸዋ ቁንጫ

ቅዳሜ ሊነጋ ሲል አባቴ ካሰብ ገባ፣
ተሳቢው ጨው ለብሶ፣ ፍሬኑ እያነባ።
ለእናቴ ሽቶ አልያዘ፣ ለእኔም ቴምር የለ፤
የወተት ቆርቆሮ በጨርቅ ጠቅልሎ
«ቀስ በይ፣ ነፍስ አለው» አለ።

ክዳኑ በምስማር አሥር ቦታ የተበሳ፣
ውስጡ እርጥብ አሸዋ፣ ሽታው የበሰበሰ ዓሣ።
መምህር ደርበው ነው ያስመጣው በልመና፣
ከመጽሐፉ ሥዕል በቀር አይቶ አያውቅምና፦
ቅርፊት ለበስ ነገድ፣ የሽሪምፕ የሩቅ ዘመድ፣
ማዕበል ከላሰው ዳር የማይርቅ፣ ጥልቁን ባሕር የማይወድ።

በእኛ አፍ ስም የለውም፤ ስም ሰጪው ማን ሊሆን?
ከቦርከና ጭቃ በቀር ዳርቻ የለን።
«የአሸዋ ቁንጫ በሉት» አለ አባቴ አዛግቶ፣
ቦቱን ሳያወልቅ ተኛ፣ እግሩ ካልጋው ጫፍ ወጥቶ።

*

ሰኞ፣ ሰልፉ ሲበተን፣ ከሰንደቁ ግርጌ፣
መምህሩ ጠርዙ የተላጠ ነጭ ትሪ አኖረ፤
ቆርቆሮውን እኔ ያዝኩ፣ የሾፌር ልጅነት ነው ማዕረጌ።

ገለበጥነው።
አሸዋው ሲናድ ከውስጡ ፍጥረት ፈላ፣
ግራጫ፣ ጎባጣ፣ የጥፍር ቁራጭ የሚያህል ገላ፤
ዓይኑ ጥቁር አዝሙድ፣ እግሩ አሥራ አራት።
አንዲቷ እናት ናት፤ አንቀልባዋ ሆዷ ሥር፣
እንቁላሎቿ ሞልተውበት።

ከዚያ ዘለሉ።
እንደ ፈንዲሻ ወዲህ ወዲያ መስሎኝ ነበር፤
ሁሉም ግን ወደ አንድ ጠርዝ፣ ወደማይታይ በር፣
እየተንሸራተቱ፣ እየወደቁ፣ እንደገና፣
ከጀርባቸው መቶ እርምጃ እየጮኸ ቦርከና።
ውኃው እዚያው ነው። አንድም ዞር ያለ የለ።
መምህሩ ትሪውን አዞረው። ጠበቀ። ዝም አለ።
ተነሡ፣ ተገለበጡ፣ መንገዳቸውን ያዙ፣
ቅድም ወደ ነበረው ጎን፣ ወደ ባቲ ተጓዙ።

ከሰዓት በኋላ ደገመው፤ ፀሐይ ወደ ደሴ ዞራ፣
ጀርባቸውን ሰጥተዋት ዘለሉ በዚያው ተራ።
ሲሚንቶው ላይ በጠመኔ ቀስት ሠራ፦ «ሰሜን ምሥራቅ።
ፀሐይን በሰዓት ያነቧታል፤
ባሕሩ በየት በኩል እንደሆነ አይጠፋቸውም ቢርቅ።»
ሙህዬ እጁን አወጣ፦ «በስንት ቀን ይደርሳሉ በእግር?»
ሳቅን። መምህሩ ግን ማስላት ጀመረ፤
ሰረዘው፤ አልያዝ አለው ቁጥር።

*

ዓርብ ጠዋት ክዳኑን ስከፍት አንዱ ቅርፊቱን አውልቆ ጥሏል፤
አመለጠ ብዬ ደስ አለኝ።
ባዶ ልብሱ ነው። እሱ ከጎኑ ተጋድሟል።
እናቲቱ አንድ ሌሊት ሰነበተች። ከዚያ ያው ነው።

በሌላው ዓመት መንገዱ ተዘጋ።
ስለዚያ የሚያወራ ብዙ ሰው አለ፤
እኔ የማውቀው ተሳቢው ግቢያችን ውስጥ
ጎማው ተንፍሶ እንደ ዋለ፣
ሣር በፍሬኑ በኩል እንደ በቀለ፣
ዶሮዎች ከሥሩ እንደ ፈለፈሉ፣
ሌሎቹ ሾፌሮች ጋላፊን ለምደው በጅቡቲ እንደ ቀጠሉ።
አባቴ አልሄደም። «ዓይኔ» አለ። ዓይኑ ግን ደኅና ነበር።
ቆርቆሮው ብሎን ይዟል፤ ከሥሩ ያው አሸዋ፤ ዝገቱ አይነገር።

አሁን ሰማንያ ሊሞላው ነው። ጠዋት ወንበር እናወጣለታለን፣
ፀሐይ እንዳይወጋው ወደ ግድግዳው አዙረን እናስቀምጠዋለን።
ገብተን ስንወጣ ዞሯል፣
ከነወንበሩ፣ ከነምርኩዙ፣ በራሱ ጊዜ ነው።
እናቴ ትቆጣለች፦ «ይመር፣ ዓይንህን ጠበሰው እኮ፣ ኧረ ምን ነው!»

መልስ የለም። መዳፉን ቅንድቡ ላይ ጋርዶ፣
ጋራውን እንደ ጽሑፍ ሲያነብ ቆይቶ በዝግታ፣
«ባቲ ጥሏል» ይላል።
«ቁልቁለቱ ያንሸራትታል ማታ።»