ጨው የተመዘነለት ውሃ

ጣና እዚያ ማዶ ተኝቶ እያየኝ፣
ውሃ ውስጥ ጨው መዝኖ የሚጨምር ልጅ
በቀን ሁለት መቶ ብር ቀጠረኝ።

«አንጓች፣ ይኸኛው ባልዲ፣ ቀይ ክር ያለው፣ ሦስት ማንኪያ ነው፤
ቢጫው ሁለት፣ ሰማያዊው አንድ፤
ክር የሌለው እንዲያው ነው።
አደራ፣ እንዳይቀላቀል። ቀኑ ሲበርድ
ከስሩ አጠጪ፤ ቅጠሉን ከነካው ያቃጥለዋል።»
(አንቱ ማለት አልለመደም፤ እኔም ቅር አላለኝ።)
ዝም አልሁ። ሰው ሲያብድ
ስንት ዓይነት ነው?

እኔ የዘንዘልማ ልጅ፣
ውሃ በእፍኜ ጠጥቼ ያደግሁ፣
ቃሪያ ስተክል ደመና እንጂ መዝገብ ያላነበብሁ፣
ጨው ለሽሮ፣ ለዓሣ፣ ላሟም ከሳች እንደሁ፤
ለቲማቲም ግን፣ አፈር ስሆን፣ አልሰማሁ።

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ» ይላሉ፤
ይኸ ጨው ለማን ብሎ ይጣፍጣል?
በስር ገብቶ በቅጠል ጫፍ ይወጣል፣
እንደ ክብሪት ያሳርራል።

መጀመሪያ የሄደው ቦሎቄ ነው፤
እንደ ደረቀ ጆሮ ተጠቀለለ።
ካሮቱ አቀረቀረ። ሽንኩርቱ በግማሽ ልብ ዋለ።
ቆስጣው ብቻ፣ ያ ግትር፣
ሦስት ማንኪያውን ጠጥቶ
እንደ ባለ ርስት ቆመ ደረቱን ነፍቶ።

አንድ ማታ አንጀቴ አልቻለም።
ዘበኛው ሙጬ ለእራት ሲሄድ
ክር ከሌለው ባልዲ ቀዳሁ፤
ሰባቱን ቦሎቄ አንድ በአንድ አጠጣሁ፣
ለበሽተኛ ወተት እንደሚሰጥ፣ እያባበልሁ፣
«ጠጡ፣ ማንም አያይም» እያልሁ።

በሦስተኛው ቀን ቀና አሉ።
ያዮ ጎንበስ ብሎ ቆጠረ፤ ደግሞ ቆጠረ።
አየኝ። አልተቆጣም።
ከመዝገቡ ሰባቱን መስመር ሰረዘ፤
የአርባ ቀን ድካም በአንድ እስኪርቢቶ ጭረት።
ከዚያ መሬቱን እየጫረ ተናገረ፦

«አሚባራ የአባቴ ማሳ እንዲህ አልነበረም።
አዋሽን ጠልፈን ዓመት ከዓመት አጠጣነው፤
ውሃው ወደ ፀሐይ ሄደ፣ ጨው ግን የትም አልሄደ፤
እንደ አመዳይ ነጥቶ አደረ አንድ ጧት።
እናቴ አፈሩን በጣቷ ቀመሰች፣
‹ለወጥ ይሆናል› ብላ ሳቀች።
ከዚያ ወዲያ ስትስቅ አላየኋት።

አንጓች፣ አንቺ እዚህ ለቦሎቄ ራራሽ፤
እዚያ ጉድጓዱም ጨው፣ ወንዙም ሲጎድል ጨው ነው።
እኔ የምፈልገው
የማይሞተውን ማወቅ ነው፣
የሚሞተውንም ከነቀኑ።»

ምን እላለሁ? በማግሥቱ ወደ ቀዩ ክር ሄድሁ፣
ሦስቱን ማንኪያ በቢላ ጀርባ ደልድዬ ለካሁ።

ግንቦት ሲያልቅ ቲማቲሙ ቀላ።
የርግብ እንቁላል ቢያክል ነው፤
ገበያ ቢወጣ ዞሮ የሚያየው የለ።
ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ሰጠኝ።
ነከስሁት።
እመብርሃንን!
ስልሳ ዓመት ጣና ዳር ቲማቲም በላሁ፣
እንዲህ ያለ ጣፋጭ አላገኘሁ።
«ጨው የጠጣው ነው?»
«ጨው የጠጣው ነው። ሲጠማው
ያለውን ሁሉ ሰብስቦ ይይዛል፤
ማነሱ ነው እንጂ።»

ክረምቱ ገባ፤ ያዮ መዝገቡን በፌስታል ጠቅልሎ
ወደ አዋሽ አውቶቡስ ተሳፈረ።
ዘሩን በጋዜጣ ላይ አድርቄ ነበር፤
መስከረም ሲጠባ ከጓሮዬ ተከልሁት፣
ከጣና ቀድቼ እስኪጠግብ አጠጣሁት።
ጡጫ ጡጫ የሚያክል አፈራ።
ጎረቤት አደነቀ። ልጆቹ በሉ።
እኔ ቀመስሁት፦ ውሃ ውሃ ይላል።

ያቺን ሴት አላውቃትም፣ የያዮን እናት።
ማታ ማታ ግን፣ ሐይቁ ሲጠቁር፣
እምቦጩ ዳር ዳሩን ሲያረግድ፣
ያ ጣቷ ትዝ ይለኛል፣ አፈር ላይ፣ ከዚያ ምላሷ ላይ።

ትናንት የጨው ዕቃዬን ከፈትሁ።
ከደንሁ።
ደግሞ ከፈትሁ፤
ማንኪያ ፈለግሁ።